ቀድሞ የሚታጠፍ ብረት

የሆስፒታሉ ጥበቃ ስሟን የሰማ ዕለት የለስላሳ መጠጥ አከፋፋይ መስላው ነበር። «ነገ ጠዋት እትዬ ለስላሳ ትመጣለች» ሲሉት ሳጥን የሚራገፍበት ቦታ ከመጋዘኑ ጥግ ጠርጎ ጠበቃት። በማግስቱ ቀጠን ያለች፣ ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ የተጠጋ ሴት፣ ሜትር ወገቧ ላይ ሰክታ፣ አቧራ የጠገበ ጫማ አድርጋ ብቻዋን ከታክሲ ስትወርድ ግራ ገባው።

«ጭነቱስ?» አላት።

«የምን ጭነት?»

ነገሩ ሲገባት ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ በኋላ በዚያ ግቢ ውስጥ ብዙ አልሳቀችም።

ቅጽል ስሙን ያወጡላት የወርክሾፑ ሰዎች ናቸው። የሕንፃ መሐንዲስ ናት፤ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ከአፏ የማይጠፋው ቃል «ለስላሳ ብረት» ነበር። ብረት ሊገዛ የሚሄድ ሰው ሁሉ ጠንካራውን መርጦ ሲመጣ፣ እሷ ግን መልሱት፣ ለስላሳውን አምጡልኝ ትላለች። በመጀመሪያ ሳቁባት፤ ቀጥሎ ለመዱት፤ በመጨረሻ ስሟ አድርገውት አረፉት።

የምትነድፈው ምድር ስትንቀጠቀጥ ሕንፃን ከመፍረስ የሚያድን መሣሪያ ነው። ወረቀት ላይ ረጅም ስም አለው። ወርክሾፑ ውስጥ ግን «ዋጭ» ይሉታል፣ የነውጡን ኃይል ስለሚውጥ። አራት ላሜራዎች ጎን ለጎን ተደርድረው፣ ጫፋቸው ፎቁን ከተሸከመው አግዳሚ ጋር፣ እግራቸው ደግሞ ከሰያፍ ደጋፊው ጋር በብሎን ይታሰራሉ። እያንዳንዱ ላሜራ ከላይና ከታች ሰፋ ብሎ ወገቡ ላይ ሰርጎ የገባ ነው። ሕንፃው ወዲያና ወዲህ ሲል ዋጩ ከሁሉም ቀድሞ ይታጠፋል፣ ይቃናል፣ ደግሞ ይታጠፋል። በታጠፈ ቁጥር ይግላል፤ ያ ግለት ምሰሶውን ሊሰብር የነበረው ኃይል ነው። ነውጡ ካለፈ በኋላ የተጣመመው ተፈትቶ ይጣልና አዲስ ይታሰራል። ሕንፃውም ሰዉም ይተርፋል። ስለዚህ ዋጭ የሚባል ነገር እጁን ቶሎ መስጠት አለበት። እሱ እልኸኛ ሆኖ አልታጠፍም ካለ፣ የሚሰበረው ምሰሶው ነው።

ወደዚህ ሥራ የገባችው ፈልጋ አይደለም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ትማር ነበር። አባቷ በበሽታ ባረፈ በአራተኛው ወር እናቷ ወንድ ልጅ ተገላገለች። በማግስቱ ከቀትር በፊት ልጅቷ ሾርባ በፔርሙስ ይዛ ከማዋለጃው ሆስፒታል ፊት ለፊት መንገድ ልትሻገር ስትል ምድር ተናወጠች። ሦስቱ ፎቅ ዓይኗ እያየ አንዱ በአንዱ ላይ ተነባበረ። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ከዚያ መንገድ ዳር አልተነሳችም። በሦስተኛው ቀን ሕፃኑን ከአንድ የብረት አልጋ ሥር በሕይወት አወጡላት። እናቷን ያወጧት በአምስተኛው ቀን ነው።

ሕፃኑን እሷ አሳደገችው። ጡጦ በአንድ እጇ፣ የምህንድስና መጽሐፍ በሌላው እጇ ይዛ ነው የተማረችው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ባል አላገባችም። የመጣ ሁሉ ሕፃኑን ሲያይ ወሬው ያጥርበታል። ሰው ሲጠይቃት «ልጅ አለኝ» ትላለች እንጂ «ወንድም አለኝ» ብላ አታውቅም። እሱም «እታለም» እያለ ይጠራታል፤ ሲታመም ብቻ «እማ» ያመልጠዋል።

ልጁ አድጎ የማደንዘዣ ባለሙያ ሆነና በከተማው ትልቁ ሆስፒታል፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀጠረ። ሕንፃው አምስት ፎቅ ነው፤ አሮጌ ነው፤ የተሠራው ስለ ነውጥ ማንም ባላሰበበት ዘመን ነው። ገና በመጀመሪያው የሥራ ቀኑ ሸኝታው ስትመለስ ምሰሶዎቹን በዓይኗ ለካች። ስድስት ዓመት ደጅ ጠናች። ሥዕል ይዛ ሄደች፣ ሞዴል ሠርታ አሳየች፣ የሰለቸው ሁሉ እስኪደበቃት ለፈለፈች። በመጨረሻ ወርክሾፑን የሚያስተዳድረው የከተማው ግንባታ ቢሮ ተስማማ። ሰባ ሁለት ዋጮች ሊገቡ ተወሰነ።

ላሜራዎቹን የሚሠሩት የወርክሾፑ አንጋፋ በያጅ ነበሩ፤ ሁሉም ሰው «ጋሼ» ይላቸዋል። ብረቱ የመጣው በሦስት ዙር ነው። ከእያንዳንዱ ዙር ናሙና ተቆርጦ በመፈተኛው ማሽን መታጠፍ ነበረበት። ደንቡን ያወጣችው ራሷ ናት። የመጀመሪያውን ዙር ፈተነችው፣ ሁለተኛውንም ፈተነችው። ሦስተኛው የገባው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ያን ዕለት ወንድሟ ትኩሳት ጥሎት አልጋ ላይ ነበር፤ በስልክ ድምፁ ይቆራረጣል። ከብረቱ ጋር የመጣውን የፋብሪካ ወረቀት አየችው። የጻፈው ትክክል ነው፤ ለስላሳ ይላል። ፈረመችና ወደ ቤቷ ሮጠች። ሰኞ ስትመለስ ጋሼ ቆርጠው ጨርሰዋል። በወሩ ሃያ አራቱ ዋጮች ሦስተኛው ፎቅ ላይ ታሰሩ፤ አሥራ ሁለቱ በምዕራብ፣ አሥራ ሁለቱ በምሥራቅ።

አራት ወር ካለፈ በኋላ ነው ጋሼ ከተራረፈው ላሜራ ላይ ለወርክሾፑ በር መቀርቀሪያ ሊሠሩ ያሰቡት። መሰርሰሪያው ጮኸ፣ ጨሰ፣ ጫፉ ተሰበረ። ሌላ ጫፍ ቀየሩ፤ እሱም ተሰበረ። ቁራጩን ይዘው ቢሮዋ ገቡና ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡት።

«ይሄ ያንቺ ብረት አይደለም፣ ልጄ» አሉ።

ያን ዕለት ቁራጩን ማሽኑ ላይ አሰሩት። መታጠፍ የነበረበት ኃይል ደረሰ፤ ንቅንቅ አላለም። ጨመሩ። እጥፍ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው ቀስ ብሎ ማጎንበስ የጀመረው። በዓለም ላይ ያለ ብረት ሻጭ ሁሉ የሚኮራበት ብረት ነበር። እሷ ግን የመሣሪያ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠች።

«ሦስተኛው ዙር ነው» አለች። «እኔ ነኝ የፈረምኩት።»

«እኔም ቆርጬዋለሁ። እጄን ከብዶት ነበር፤ መጋዙ ደንዝዞ መሰለኝ።»

«የእርስዎ ሥራ መቁረጥ ነው። የኔ ግን ማየት ነበር።»

በማግስቱ ወደ ግንባታ ቢሮው ሄደች። ኃላፊው ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ሳብ አድርጎ አስቀመጣት። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳችው፣ መፈረሟንም አልደበቀችም። እሱ እስክሪብቶውን እያሽከረከረ ሰማት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጠንካራ ብረት ገባ ብለው ነው የሚያለቅሱት? ሌላው ሰው ደካማ ገባ ብሎ ነው የሚያለቅሰው።»

«ዋጩ ካልታጠፈ ኃይሉ በሙሉ ምሰሶው ላይ ያርፋል። ጭራሽ ባይታሰር ይሻል ነበር።»

«ማለት፣ ሕንፃውን ባንነካው ይሻል ነበር ነው የሚሉኝ? ስድስት ዓመት ደጄን ጠንተው?»

ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት።

«ለመቀየር ምን ያስፈልጋል?» አላት።

«ሦስተኛውን ፎቅ ስድስት ሳምንት መዝጋት።»

«ቀዶ ጥገና ክፍሉ እዚያ ነው ያለው። የሚተካው የለም። ይዝጉ ብዬ የፈረምኩ ዕለት በማግስቱ የሚሞተው ሰው በኔ ስም ነው የሚቆጠረው። ነውጡ ደግሞ ይምጣ አይምጣ ማን ያውቃል? በጽሑፍ ያቅርቡ፣ በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ይታያል።» በር ድረስ ሸኛትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ፊርማው የእርስዎ መሆኑን አይርሱ» አላት። ማስፈራራት ይሁን ምክር ሊገባት አልቻለም።

በጽሑፍ አቀረበች። መልስ ሲጠፋ ሁለተኛ ጻፈች፣ ሦስተኛ ጻፈች። መዝገብ ቤት «ተመርቷል» ይላታል፤ የተመራለት ክፍል «አልደረሰንም» ይላታል። ሰባተኛውን ደብዳቤ ስታስገባ መዝገብ ያዡ ቀና ብሎም አላያትም። እንቅልፍ በዓይኗ አልዞር አለ። የምግብ ፍላጎቷ ጠፋ። ከባድ መኪና በመንገድ ባለፈ ቁጥር ብርጭቆዋ ውስጥ ያለው ውሃ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ታያለች።

ለወንድሟ የነገረችው በአንድ እሑድ ጠዋት ነው። እሱ ሸሚዙን እየተኮሰ ነበር።

«ወደ ሌላ ሆስፒታል ተዛወር» አለችው።

«ምነው?»

ነገረችው። ካውያውን አቆመ።

«እሺ፣ እኔ ልሂድ። የሚተኙትስ?»

«እነሱን ላስወጣቸው አልቻልኩም።»

«እኔ ስሄድ ሌላ ሰው እዚያው ቦታ ላይ ይቆማል። ያ ሰው እህት የለውም?»

«አንተ ብቻ ነህ ያለኸኝ።»

«አውቃለሁ፣ እታለም» አለና ካውያውን መልሶ አነሳው። «ግን አንቺ በተሳሳትሽው እኔ ልሽሽ? እንደሱ አድርገሽ አላሳደግሽኝም።»

ያንን ቀን ሁለቱም ምሳ አልበሉም።

ሰኞ ወርክሾፕ ስትገባ አንድ ወረቀት ይዛ ነበር። ላሜራው ጠንካራ ከሆነ፣ ወገቡን ማጥበብ ይቻላል። ጠባብ ከሆነ ኃይሉ ከፍ ሳይል ይታጠፋል። እያንዳንዱን ዋጭ ፈትቶ፣ ወርክሾፕ አምጥቶ፣ የላሜራዎቹን ወገብ በግማሽ ገደማ ቆርጦ፣ መልሶ ማሰር ነው።

ጋሼ ሥዕሉን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው አዩት። «ወገቧን እናሳምራት ነው የምትዪኝ?»

«አዎ።»

«ፍጹም ይሆናል?»

«አይሆንም። ጠንካራ ብረት ብዙ ሳይታጠፍ ይሰነጠቃል። ግን ከምሰሶው ይቀድማል።»

«ማን ፈቀደልን?»

«ማንም።»

በያጁ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ቀርቷቸዋል። «ከየት እንጀምር?» አሉ በመጨረሻ።

«ከምዕራብ።»

«ለምን ከምዕራብ?»

«ቀዶ ጥገና ክፍሉ በዚያ በኩል ነው። ሆዱ የተከፈተ ሰው ተነስቶ አይሮጥም።»

ምክንያቱ ልክ ነበር። ግን በምሥራቅ በኩል ያሉት ሁለት ክፍሎች አጥንታቸው የተሰበረ ሰዎች የሚተኙባቸው ናቸው፤ እነሱም ተነስተው አይሮጡም። ሌላም የምታውቀው ነገር አለ። አንድ ወገን ብቻ ከለሰለሰ፣ ሕንፃው ሲናወጥ ኃይሉ ካልለሰለሰው ወገን ላይ ይከማቻል። በትክክል ይሠራ ከተባለ አንድ ከምዕራብ፣ አንድ ከምሥራቅ እየተባለ ነው። ተማሪ እንኳ ይህን አይስትም። እሷ ግን «ቶሎ እንጨርሰዋለን፣ ልዩነቱ ለጥቂት ሳምንት ነው» ብላ ለራሷ ነገረችው፤ ራሷም አመነላት።

የድሮው የቁጥጥር መግቢያ ወረቀቷ ገና አልተነጠቀም ነበር። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ከጋሼ ጋር ትገባለች፤ ጥበቃው ሰላምታ ሰጥቶ ያሳልፋቸዋል። በአንድ ቀን አንድ ዋጭ ነው የሚሆንላቸው። ፈትተው በጋሪ ያወርዳሉ፣ ወርክሾፕ ወስደው ይቆርጣሉ፣ ከሰዓት በኋላ መልሰው ያስራሉ።

በሦስተኛው ፎቅ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ነበረች፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ጉልበቷ የሚያማት ሴት። በመጀመሪያው ቀን መጥረጊያዋን ተደግፋ ስታያቸው ቆየችና፣ «ልትሰርቁት ነው ወይስ ልታድሱት?» አለች።

«ልናድሰው ነው» አለቻት መሐንዲሷ።

«በቅዳሜ የሚያድስ የመንግሥት ሰው አይቼ አላውቅም።»

«አዎ። ማንም አላዘዘንም።»

ሴትዮዋ አሰብ አደረገች። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ መጋረጃ የሚሆን አሮጌ አንሶላ ታመጣለች፣ የብረት ብናኙን እግራቸው ሥር ትጠርጋለች፣ የሚያልፍ ሰው ሲጠይቅ «ቧንቧ ነው፣ ቧንቧ ነው» እያለች ትመልሳለች። አንድ ቀን መሰላሉን ይዛላት ሳለ፣ «እውነት ይሄ ነገር ቀድሞ እንዲሰበር ነው የምትደክሚው፣ እህቴ?» አለቻት።

«እንዲታጠፍ።»

«ያው ነው። እኔም ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ታጥፌያለሁ፤ ማንም ግን አልቀየረኝም» ብላ ሳቀች።

ስድስት ቅዳሜና ስድስት እሑድ ሠሩ። ምዕራቡ አለቀ። በሰባተኛው ቅዳሜ የምሥራቁን የመጀመሪያ ዋጭ ብሎን እየፈቱ ሳለ የቢሮው መኪና ግቢ ገባ። ማን እንደተናገረ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ፎቶ አነሷቸው። ፈትተው ጋሪው ላይ የጫኑትን ላሜራ ያዙት። ሰኞ ሁለቱም ከሥራ ታገዱ። የክሱ ቃል «የሆስፒታሉን መከላከያ ብረት በመቁረጥ» የሚል ነበር። የተፈታውን ዋጭ ሌላ ሰው ልከው እንደነበረው መልሰው አሰሩት፤ ብሎኑንም ጥሩ አድርገው አጠበቁት።

አሁን የለመነችው ለራሷ አልነበረም። «እኔን እሰሩኝ፣ ምሥራቁን ግን ሌላ ሰው ይቁረጠው፤ ሥዕሉ ይኸው» እያለች ጻፈች። «ልዩነቱ አደገኛ ነው፤ አሁን ከመጀመሪያውም የባሰ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ጽፋ፣ ሰርዛ፣ እንደገና ጻፈችው። ኃላፊው ሊያገኛት አልፈቀደም። በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው፤ በጓሮ ወጣ። ለጽዳት ሠራተኛዋም በጥበቃው በኩል «ከምሥራቁ ክፍል ቶሎ ቶሎ ውጪ» ብላ ላከችላት። ሴትዮዋ «ታዲያ ማን ሊጠርገው ነው?» ብላ መለሰች።

ከታገደች በአሥራ ስምንተኛው ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ መዝገብ ቤት ወረፋ ይዛ ቆማ ነበር። መጀመሪያ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጫቀጨ። ቀጥሎ ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለው መብራት መወዛወዝ ጀመረ። ሰው ተንጫጫ። እሷ ግን ባለችበት ደርቃ ሰከንዶቹን ቆጠረች። ሃያ ሁለት ደረሰች። አቆመ።

እንዴት እንደሮጠች አታስታውስም። አንድ ጫማዋ መንገድ ላይ ቀርቷል። ሆስፒታሉ ጋ የደረሰችው ከምዕራብ በሚመጣው መንገድ ነው፤ ከሩቅ ስታየው ቆሟል። አምስቱንም ፎቅ ቆጠረች። ቆሟል። አጥሩን ይዛ አለቀሰች። ከዚያ ወደ ምሥራቁ ጥግ ዞረች።

በዚያ በኩል አራት ፎቅ ነው የቀረው። የሦስተኛው ፎቅ መጨረሻ፣ የሁለት ክፍል ያህል ርዝመት፣ የለም። አራተኛው ሁለተኛው ላይ ተቀምጧል። በመካከሉ የአንሶላ ጫፍ ይታያል።

ወንድሟን ከአንድ ሰዓት በኋላ አገኘችው። አልጋ እየገፉ በምዕራቡ ደረጃ ወርደው ነበር፤ እሱ የታማሚውን አየር መስጫ ኳስ በእጁ እየጨመቀ እንደያዘ፣ ግቢው መሃል ፀሐይ ላይ ቆሟል። ስትጠጋው ቀና ብሎ አያት። ኳሱን መጭመቅ ማቆም አይችልም፤ እሷም ልታቅፈው አልቻለችም።

ስድስት ሰው ሞተ። አምስቱ ታማሚዎች ናቸው። ስድስተኛዋ የጽዳት ሠራተኛዋ ነች። መጀመሪያ ሲነቃነቅ አብረዋት የነበሩ ሁለት ነርሶች ወጥተዋል፤ እሷ ግን እግሩ በክብደት የተንጠለጠለ አንድ ሽማግሌ ገመዱን እንድትፈታላቸው ሲጠሯት ተመልሳ ገባች።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። የግንባታ ቢሮው ኃላፊ «ብረቱን ቆርጠውት ነው ሕንፃው የፈረሰው» አለ። ባለሙያዎቹ ግን የምዕራቡንና የምሥራቁን ዋጮች አስወርደው ወለል ላይ ዘረጓቸው። የምዕራቦቹ ተጣመው፣ ወገባቸው ተሰነጣጥቆ፣ ቀለማቸው ተልጦ ነበር። የምሥራቆቹ ከፋብሪካ እንደወጡ ቀጥ ብለዋል፤ የተቆረጠው ብሎናቸው ነው፤ የተፈረካከሰው ምሰሶው ነው። የፋብሪካው ወረቀት ሐሰተኛ መሆኑም ተደረሰበት። ኮሚቴው ወደ እሷ መለስ ብሎ ማመስገን ሊጀምር ምንም አልቀረውም ነበር።

«አንድ ነገር አልጠየቃችሁኝም» አለች። «ለምን ከአንድ ወገን ብቻ እንደጀመርኩ።»

ጋሼ አጠገቧ ተቀምጠው ነበር። እጃቸውን ክንዷ ላይ ጣል አደረጉ። ንግግሯን አላቆመችም። አንድ በአንድ እያፈራረቀች ብትሠራ ኖሮ ከአሥራ ሁለቱ ስድስቱ ከምሥራቅ በኩል ይሆኑ እንደነበር፣ ያኔ ምናልባት ፎቁ ይጎዳ እንጂ እንደማይወርድ፣ ምዕራብን የመረጠችው ወንድሟ እዚያ ስለሚሠራ እንደሆነ ተናገረች። የኮሚቴው ሰብሳቢ «ምናልባት ነው ያሉት፤ እርግጠኛ ነዎት?» አሏት። «አይደለሁም» አለች። «አስልቼዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ይቆማል፣ አንድ ጊዜ ይወድቃል።»

ኃላፊው ከሥልጣኑ ተነሳ። ብረት አቅራቢው ተከሰሰ። ጋሼ በነፃ ተሰናብተው ጡረታ ወጡ። እሷ የሙያ ፈቃዷን ለሦስት ዓመት ተነጠቀች።

ወንድሟ ምስክርነቷን ያነበበው ከጋዜጣ ነው። ያን ዕለት ከሥራ ሲመለስ ኮቱን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆመ።

«ከኔ በኩል ነው የጀመርሽው» አላት።

«አዎ።»

«እንደማልሸሽ ነግሬሽ ነበር።»

«አልሸሸህም።»

«አንቺ አሸሸሽኝ፣ እታለም። ሳልነቃነቅ አሸሸሽኝ።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ያች ሴትዮ በየቀኑ ጠዋት ጫማዬን ትጠርግልኝ ነበር፤ አትጥረጊ እያልኳት።»

በሳምንቱ ሻንጣውን አዘጋጅቶ ወጣ። በወር አንድ ጊዜ ይደውላል፤ ደህና መሆኗን ይጠይቃል፣ የእንቅልፍ መድኃኒቷን መውሰዷን ይጠይቃል፣ ይዘጋል። እሷ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ጆሮዋ ላይ እንደያዘችው ትቆያለች።

የጽዳት ሠራተኛዋ አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ ሠላሳ ዓመት የሞላት ልብስ ሰፊ። ቤቷ ከአንድ መጋዘን በላይ ያለ ክፍል ነው፤ ደረጃው ጠባብና ገደላማ ነው። መሐንዲሷ እዚያ ለመውጣት አራት ወር ፈጀባት። በወጣች ዕለት ልጅቷ የአንድ ትምህርት ቤት የደንብ ልብስ እየሰፋች ነበር፤ ወለሉ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ተከምሯል። ማን እንደሆነች ስትነግራት የማሽኑን ፔዳል ለቀቀች።

«እናቴ ስለ እርስዎ ታወራ ነበር» አለች። «ሰካራም ብረት የምትሠራ ሴት አለች፣ ገና ሳይነኩት የሚወድቅ፣ እያለች ትስቅ ነበር።»

መሐንዲሷ ቆማ ሁሉንም ነገረቻት። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የፈረመችውን፣ ምዕራቡን፣ ወንድሟን። ለኮሚቴው ከተናገረችው አንዲት ቃል አላስቀረችም፤ ተጨማሪም ነገረቻት፤ መሰላሉን የያዘችላት እናቷ እንደነበረች። ስትጨርስ ልጅቷ ጨርቁ ላይ የተጣበቀች ክር አነሳችና በጣቷ ጠቀለለቻት።

«ይህን ሊነግሩኝ ነው የመጡት፣ ወይስ እንዳዝንልዎት?»

«አላውቅም» አለች መሐንዲሷ።

«እንግዲያው ሲያውቁት ይመለሱ።»

ልጅቷ ፔዳሉን ረገጠች፤ ማሽኑ መጮህ ጀመረ። መሐንዲሷ ግድግዳውን ይዛ ደረጃውን ወረደች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ እስከ መጋዘኑ በር ሄዳለች። ሁለቱንም ጊዜ ማሽኑ ከላይ ሲሠራ እየሰማች ጥቂት ቆማ ተመልሳለች።